ክር የምታስገባልን ልጅ

አባ ሜትርን የሚያህል ግትር ልብስ ሰፊ አላየሁም። ሃያ ዓመት ጎን ለጎን ሰፍተናል፤ ሜትሩን ከአንገቱ የሚያወርደው ሰው ሊለካ ብቻ ነው። ከሁሉ ደስ ብሎት የሚለካው ግን ልጁን ሚጡን ነው። እናቷ ካረፈች ወዲህ ብቻውን ነው ያሳደጋት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የሁለታችንንም መርፌዎች ሰብስባ ክር ታስገባልናለች፤ "እናንተ ሽማግሌዎች፣ እኔ ባልኖር ምን ይውጣችሁ ነበር?" እያለች።

በስምንት ዓመቷ ዓይኖቿ ከውስጥ በኩል ተቆጡ፤ ብርሃን መሸሽ ጀመረች። ሐኪሟ ቁጣውን የሚያበርድ፣ ስቴሮይድ የሚባል ክኒንና ጠብታ አዘዘችላት። አባ ሜትርን "ፊቷ ሊያብጥ ይችላል፤ መድኃኒቱ ሲቀነስ ይመለሳል" አለችው። "የምቀንሰው ግን እኔ ነኝ። በድንገት ከቆመ በሽታው ይነሳል፤ በራስዎ እንዳያቆሙ፣ አደራ!"

በሁለት ወሩ ዓይኖቿ ጠሩ፤ ፊቷ ግን እንደ ዳቦ ተነፋ። የክፍሏ ልጆች "ኳሷ" አሏት። አባ ሜትር በየቅዳሜው እየለካ ደብተሩ ላይ ይጽፋል፦ ወገቧ ሰፋ፣ አንገቷ ሰፋ። "ያቺ ቀጭኗ ልጄ ናፈቀችኝ እኮ" ይለኛል።

ለካ ሰውዬው ልጅቷን እንደ ቀሚስ ሊያጠብብ አስቧል! ዓይኗ ድኗል ብሎ፣ ለእኔም ለሐኪሟም ሳይተነፍስ፣ መድኃኒቱን በአንድ ቀን ቀጥ አደረገው።

በሦስተኛው ሳምንት ሚጡ ክሩን በመርፌው አጠገብ አሳለፈችው። ደገመችው፤ አሁንም ሳተች። "አባዬ፣ ግራው ጭጋግ ሆነብኝ" አለች። "ዓይኔን ግንባር ያድርገው" ብዬ መማል የተውኩት ያን ቀን ነው።

ሐኪሟ መጀመሪያ ተቆጣች፤ ኋላ የሚጡን ዓይኖች ደጋግማ መረመረች። ሕክምናው እንደገና ተጀመረ። ቀኙ ተረፈ። ግራው ላይ ግን ጠባሳ ቀረ፤ እይታው አልተመለሰም።

ዘንድሮ ሚጡ አሥራ ሦስት ሞላት። መድኃኒቱ በሐኪሟ እጅ ቀስ በቀስ ተቀንሶ አለቀ፤ ፊቷም ቀጠነ፣ ልክ አባቷ እንደናፈቀው። ትናንት ከሰዓት መርፌዎቻችንን ሰብስባ፣ ግራ ዓይኗን ጨፍና ክር አስገባችልን። "እናንተ ሽማግሌዎች፣ እኔ ባልኖር ምን ይውጣችሁ ነበር?" አለችና ወጣች። እኔ ሳቅሁ።

እሱ አልሳቀም። አሮጌውን ደብተር ከመሳቢያው አውጥቶ፣ ያ የሰፋ ቁጥር ያለበት ገጽ ላይ ጣቱን አሳረፈ።

"ያ ድንቡሽቡሽ ፊቷ ናፈቀኝ" አለኝ። "ያኔ በሁለቱም ዓይኖቿ ታየኝ ነበር።"