ክብ አድርጌ የቀረጽኩት ማህተም

ይህን ለሚስቴም ነግሬያት አላውቅም። ላንተ የምነግርህ ስለማላውቅህ ነው። ደግሞ እንዳትመክረኝ፤ ምክር ብፈልግ እዚሁ ከሚሴ ከተማ ሙሉ ሽማግሌ አለ።

ይማም እባላለሁ፤ ማህተም ቀራጭ ነኝ። የሱቅና የእድር ማህተም ከጫማ ሶል እቀርጻለሁ። ሀያት የምትባል አስተማሪ ነበረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ተማሪዎቿን ጣሊያን በቀየሰው በአሮጌው የደሴ መንገድ ይዛ እየሄደች ታጫውታቸው ነበር። ጨዋታው እንዲህ ነው፦ በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ማህተምና ቀለም ታስቀምጥና ድልድይ ሥር፣ ወይ የኪሎ ሜትር ድንጋይ ጀርባ ትደብቀዋለች። ልጆቹ በነገረቻቸው ምልክት እየተመሩ ይፈልጋሉ። ያገኘው ደብተሩ ላይ ማህተሙን ይመታና ቆርቆሮውን ቦታው ይመልሳል። በቃ፣ ይኸው ነው። ማህተሞቹን የቀረጽኩላት እኔ ነኝ። አራት ማዕዘን አድርግልኝ ብላኝ ነበር፤ ክብ ካልሆነ ምኑን ማህተም ሆነ ብዬ ክብ አደረግሁት። እኔ ነኝ ክብ ያደረግሁት።

ከዚያ ሳቀችብኝ። አንዱ ማህተም ላይ የባቲ ገበያን ግመል ቀርጬ ስሰጣት፣ ሱቄ ደንበኛ ሞልቶ ሳለ፣ ይሄማ ፍየል ነው ብላ ሳቀች። ሰዉም ሳቀ። ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ፣ ይማም፣ ፍየልህ እንዴት አደረች ይለኝ ጀመር። ይህ ደግሞ ምን ነገር ነው ትለኝ ይሆናል። አዎ፣ ትንሽ ነገር ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ትንሹ ነገር ነው፤ ምን ላድርግ?

አንድ ቀን ጥበቃዎች ቆርቆሮውን ከቦርከና ድልድይ ሥር አገኙት። ሰው ጎረቤቱን የሚጠረጥርበት ጊዜ ነበር። ክብ ማህተም ቦታው የት ነው? ቢሮ፣ ተቆልፎበት። ድልድይ ሥር የሚደብቀው ሰው የሐሰት መታወቂያ ካልሠራበት ምን ያደርግበታል? ያሰቡት ይህን ነው፤ አልፈርድባቸውም። እኔ ግን አውቅ ነበር። ሀያትን ይዘው ሲጠይቋት የልጆች ጨዋታ ነው፣ የቀረጸውን ይማምን ጠይቁት ስላለቻቸው አስጠሩኝ። ቢሯቸው ገባሁ። ግመሌ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። የኔ እጅ ሥራ ነው፣ ጨዋታ ነው ብል ኖሮ ስቀው ይለቋት ነበር። አላልኩም። ለምን? ፈርቶ ነው ልትል ነው? ፍርሃቱ በኋላ ነው የመጣው፤ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ወላሂ ደስ አለኝ። ማህተሙን አገላብጬ አየሁና፣

«ይሄ ፍየል ነው፤ እኔ ፍየል አልቀርጽም» አልኳቸው።

አሰሯት። ምንም ሲያጡባት ለቀቋት፤ ከተማው ግን አልለቀቃትም። ልጆቻችንን ምን ስታስደብቃቸው ኖራለች አሉ ወላጆች። ከማስተማሩ አሰናበቷት። ከጨፋ ሮቢት ሽማግሌ ልኮ የጠየቃት ልጅም ቀረ። እኔስ? እኔ ሱቄ ቁጭ ብዬ ስቀርጽ ሁሉንም ሰማሁ፤ ተነሥቼ መናገር የምችልበት ቀን ሞልቶ ነበር። አልተነሣሁም። እኔ ነኝ የካድኳት፣ እኔ ነኝ ዝም ያልኩት።

ዘንድሮ ባቲ ገበያ ሄጄ፣ ከዘረጋችው የፕላስቲክ ዕቃ ጀርባ ቁጭ ብላ አየኋት። ዞር ልል ስል ቀድማኝ ተነሣች። አካም ጅርቱ፣ እንደምን ነዎት ጋሼ ይማም ብላ እጄን በሁለት እጇ ያዘች። እናቷ ያን ቀን ከቢሮው ስወጣ አይታኝ ኖሯል። እዚያ ገብቼ ምን እንዳልኩ የነገራቸው የለም። ሰው ሁሉ ሲሸሻት እኔ ብቻ ሄጄ የመሰከርኩላት፣ በኔ ቃል የተፈታች መስሏታል። ከሰላት በኋላ ዱዓ ሳታደርግልኝ እንደማትነሣ ነገረችኝ።

የሰውን ሐቅ ባለሐቁ ይቅር ካላለ አላህም እንደማይምር ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነው። ባለሐቋ እጄን ይዛ ፊቴ ቆማለች። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ማለት አቃተኝ? አላቃተኝም። ምርቃቷ ጣመኝ።

«አላህ ልጆችዎን እንደርስዎ ያለ ሰው ያድርግልዎ» አለችኝ።

አሚን አልኳት። አንተ ደግሞ አውፍ ብዬሃለሁ እንዳትለኝ፤ ሐቁ ያንተ አይደለም።