ለተከላካዩ የወሰድነው መርዶ

ከዳላስ ኤርፖርት ጀርባ ታክሲዎች ተራ የሚጠብቁበት ሰፊ ሜዳ ነበር። ዛፍ የለው፣ ጥላ የለው፤ አስፋልትና የመኪና ጣራ ብቻ። ለሌላው ሹፌር እዚያ ተቀምጦ ተራ መጠበቅ እረፍት ነው፤ ለእኔ ግን ቅጣት ነበር። እግሬ አያርፍም። ሬዲዮ እቀያይራለሁ፣ መስታወት እወለውላለሁ፣ የወለወልኩትን ደግሞ እወለውላለሁ። በዕድሜ የሚበልጡን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሹፌር፣ «አንተ ልጅ፣ አላርፍ ያለች ጣት ምን ጠንቁላ እንደምትወጣ ታውቃለህ አይደል?» ይሉኝ ነበር። አውቃለሁ። ባውቅም ማረፍ አልቻልኩበትም።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ አንድ ትልቅ የአይስ ሆኪ ቡድን ከሰሜን ጓዙን ጠቅልሎ ዳላስ ገባ። አስፋልቱ ጫማ በሚያቀልጥበት አገር በረዶ ላይ ጨዋታ! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ ብለን ሳቅን። ተሳፋሪው ግን ከዚያ ወዲያ ሌላ ወሬ አልነበረውም፤ ወሬውን የማያውቅ ሹፌር ደግሞ ዝም ብሎ መንዳት ነው፣ ዝም ብሎ መንዳት ያንገበግባል። ስለዚህ ተማርን። በዱላ የሚገፏትን ያቺን ጥቁር ክብ ጎማ «ኩበቷ» ብለን ሰየምናትና ከዚያ በኋላ ጨዋታው የራሳችን ሆነ።

እኔ ግን ከሌሎቹ የተሻለ አስተማሪ ነበረኝ። ዳላስ ጥግ፣ ኧርቪንግ በምኖርበት አፓርታማ፣ ከበሬ ፊት ለፊት አንድ ስሎቫክ ይኖር ነበር። ለትልቁ ቡድን ሳይሆን ጎረቤት ከተማ ፎርት ወርዝ ላለ ትንሽ ክለብ፣ በአውቶቡስ ከከተማ ከተማ እየዞረ ለሚጫወት ክለብ፣ ተከላካይ ነው። ሠላሳዎቹን አጋምሷል፤ ከፊት ጥርሶቹ አንዱ የለም፤ ማታ ማታ በረንዳው ላይ ጉልበቱን በበረዶ ከረጢት አስሮ ይቀመጣል። እኔም መቀመጥ ስለማልችል ቆሜ አዋራዋለሁ። እንግሊዝኛችን የሁለታችንም የተሰባበረ ስለነበር እንደ ጉድ እንግባባ ነበር።

እናቱ አገር ቤት ታማለች። ልቧ ደክሟል፣ አይሮፕላን አትሳፈሪ ተብላለች። ካያት አምስት ዓመት ሆኖታል። ክለቡ ደግሞ ወቅቱ ሳያልቅ ተጫዋች አይለቅም፤ ጥሎ የሄደ ተባረረ ማለት ነው፣ ቪዛው ያለው ደግሞ በክለቡ ነው። የሚለቁት በአንድ ምክንያት ብቻ ነው፤ አገሩ ለብሔራዊ ቡድን ከጠራችው። በዚያ ጸደይ የዓለም ሻምፒዮናው የሁለተኛው ምድብ ውድድር እዚያው እሱ አገር ሊደረግ ነበር፣ ከእናቱ ቤት በባቡር አንድ ሰዓት በሚያስኬድ ከተማ። «ከጠሩኝ አያታለሁ፣ ካልጠሩኝ የዘንድሮው ክረምት ለእሷ ረጅም ነው፤ ወቅቱ እስኪያልቅ ላትቆየኝ ትችላለች» አለኝ አንድ ቀን፣ ጉልበቱን እያሻሸ።

ይህን በማግስቱ ተራ መጠበቂያው ላይ አወራሁት። ወሬ መያዝ የሚባል ነገር የለኝማ። ከዚያ በኋላ የዚያ አገር ብሔራዊ ቡድን ምርጫ የእኛ ጉዳይ ሆነ። አስተናባሪው ተራችንን ሲጠራ እንኳ የማንሰማበት ጊዜ ነበር።

«ማለቴ፣ እውነቱን እንነጋገር» ይላል ነገር የሚወደው ጓደኛችን፣ ጠበቃው የምንለው፤ የመኪናው ኮፈን ላይ ተቀምጦ። «ሰውየው አርጅቷል። ጉልበቱ ሄዷል። ብሔራዊ ቡድን እድር አይደለም፣ ተራ ደርሶህ አትገባም። እኔ አሰልጣኙን ብሆን ሃያ ዓመት የሆነውን ሲለክት አደርጋለሁ፤ ወጣቱን እመርጣለሁ።»

«ሃያ ዓመት የሆነው ልጅ ኩበቷ ስትመጣ ይደነግጣል» ይላል አስመራ ያደገው ጓደኛችን። «አገሪቱ ገና ትናንት ከቼኮች የተለየች ናት። አዲስ አገር ስትሆን መጀመሪያ የሚጠፋህ ልምድ ያለው ሰው ነው። እኔን ጠይቀኝ፣ የእኔም አገር አዲስ ናት።»

«አሁን ወደዚያ አትውሰደው!»

«አንተ ነህ የምትወስደው። ድሮም ብሔራዊ ቡድን ሲመረጥ አስመራ ያለውን ተጫዋች አይረባም ብላችሁ ትተዉት የነበራችሁት እናንተው ናችሁ።»

«እኛ? ያኔ እኔ ጡት አልጣልኩም!»

በዚህ ተጀምሮ የአዲስ አበባው፣ የድሬዳዋው፣ የአስመራው ተጫዋች ሁሉ ከመቃብሩም ከጡረታውም እየተጠራ ይሰለፋል። ማን ያለ ችሎታው እንደገባ፣ ማን በዘመድ እንደተመረጠ፣ ማን የአሰልጣኙን እህት በማግባቱ በረኛ እንደሆነ። እኔ በመካከላቸው እየተንጎራደድኩ ወደ ስሎቫኩ ልመልሳቸው እሞክራለሁ። ጋሼ ብቻ ወንበራቸውን ወደ ኋላ አስተኝተው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ሲበዛባቸው፣ «ልጁ የሚመረጠው ለእናቱ ነው እንጂ ለኩበቷ አይደለም። እግዜር ያውቅበታል» ይላሉ፤ ጠበቃውም «ጋሼ፣ እግዜር ኮች አይደለም እኮ» ብሎ ይመልስላቸዋል።

አንድ ዓርብ ቀን ከዳውንታውን ያመጣሁት ተሳፋሪ ጋዜጣውን የኋላ ወንበር ላይ ትቶ ወረደ። የስፖርቱን ገጽ ገለጥኩ። ታች፣ ጉንዳን በሚያክል ፊደል፣ የየአገሩ ቡድን ተጫዋቾች ስም ሰፍሯል። ስሎቫኪያን አገኘሁ። በረኞቹን አለፍኩ። ተከላካዮቹን በጣቴ እየጠቆምኩ አነበብኩ፤ የለም። ምናልባት አሳስተው አጥቂዎቹ ውስጥ ከተውት ይሆናል ብዬ እሱንም አነበብኩ፤ የለም።

ጓደኞቼ ጋ ሮጥኩ። ጠበቃው ጋዜጣውን ነጥቆኝ አነበበና ሲከራከር የከረመበትን ድል አገኘ፤ ግን ፊቱ ድል ያደረገ ሰው ፊት አልነበረም። «ምነው እንዲህ አደረጉት?» ብቻ አለ።

«ቤት ሄጄ ልንገረው» አልኩ። የመኪናዬን ቁልፍ እንኳ አውጥቼ ነበር።

ጋሼ ዓይናቸውን ገለጡ። «ምን ብለህ?»

«አልተመረጥክም ብዬ ነዋ።»

«አይደለም። እናትህን አታያትም ብለህ ነው የምትነግረው። እንዲህ ያለው ነገር በር ላይ ቆሞ፣ የመኪና ቁልፍ እያሽከረከሩ አይነገርም። መርዶ ነው።»

መርዶ በእኛ ዘንድ ወግ አለው። ለአንድ ሰው ለብቻው አይነገርም፤ በስልክ አይነገርም፤ ሥራ ላይ እያለ አይነገርም። የሚያውቁት ሰዎች ይሰበሰባሉ፣ ማልደው፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ በሩን ያንኳኳሉ፤ ሲወድቅ የሚይዘው እጅ በዙሪያው አለ። እስከዚያ ግን ያወቀ ሁሉ አፉን ይዘጋል። ስሎቫኩ ቅዳሜ ጨዋታ ነበረው። ጋሼ እሑድን ቆረጡ። «ጋሼ፣ ሰውየው እኮ ፈረንጅ ነው» አለ ጠበቃው። «ፈረንጅ እናት የለውም?» አሉት።

ከዓርብ እስከ እሑድ ያለውን ጊዜ እንዴት እንዳለፍኩት እኔ አውቃለሁ። ዓርብ ማታ እንዳያገኘኝ መብራት አጥፍቼ ተቀመጥኩ፤ በሬን አንኳኳ፤ የታመምኩ መስዬ ከውስጥ አስነጠስኩ። «ከአገር ስልክ አልመጣም» አለኝ በበሩ በኩል። «ካልመጣ ጥሩ ነው። ያልመረጡትን ቶሎ ነው የሚነግሩት።» እንደገና አስነጠስኩ። ትራስ ነክሼ አደርኩ ብል ማጋነን አይሆንም።

ቅዳሜ ጨዋታውን ለማየት ሁላችንም ፎርት ወርዝ ወረድን። ለቀስተኛ እንዳንመስል ይሁን ለማጽናናት አላውቅም፣ ኩበቷን በነካ ቁጥር እንደ እብድ ጮህን። ጠበቃው ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ። አንዴማ ስሎቫኩ በረዶው ላይ ወድቆ ሲነሳ እንኳ አጨበጨብንለት። ከጨዋታው በኋላ ፀጉሩ እንደረጠበ መጣና፣ «ዛሬ ምን ሆናችኋል? ጥሩ አልተጫወትኩም እኮ» አለ። አስመራ ያደገው ጓደኛችን አንገቱን አቀፈውና ቶሎ ለቀቀው፤ እንባው መጥቶበት ነበር።

እሑድ ጎህ ሲቀድ የአፓርታማው ግቢ ውስጥ ታክሲዎቻችንን ደርድረን አቆምን። ጋሼ ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊያልፉ ስለነበር ጥቁር ካፖርት ላይ ነጠላቸውን ደርበዋል። አስመራ ያደገው ዳቦና ሻይ በቴርሞስ ይዟል። የጋሼ ባለቤት ንፍሮ ቀቅለው ሰጥተዋቸው ኖሮ፣ ጋሼ «ኧረ ንፍሮስ ሟርት ነው» ብለው መኪና ውስጥ ትተውታል። ደረጃውን ወጣን። ጋሼ ሦስት ጊዜ አንኳኩ፣ ቀስ አድርገው።

በሩን ከፈተ። ቁምጣ ለብሷል፣ ጉልበቱ ታስሯል። መጀመሪያ ፈገግ አለ። ከዚያ ጋሼን አየ፣ ካፖርቱን አየ፣ ከኋላ የቆሙትን አየ፣ እኔን አየኝ። ፈገግታው ፊቱ ላይ ሞተ።

ያኔ ነው ምን እንደሠራን የገባኝ። ይህ ሰው ይህን ሰልፍ ከዚህ በፊት አይቶታል፤ የእኔ በር ላይ። ከሁለት ዓመት በፊት እነዚሁ ሰዎች፣ በዚሁ ሰዓት፣ የአባቴን ሞት ሊነግሩኝ መጥተው ነበር። በጩኸቴ ደንግጦ ከቤቱ ወጥቶ፣ ለቅሶ የተቀመጥኩ ጊዜ ሁሉ አንድ ቃል ሳይገባው ምንጣፉ ላይ ከእኔ ጋር ተቀምጧል። ለምን ተሰብስበው መጡ ብሎ ሲጠይቀኝም አስረድቼዋለሁ። ስለዚህ ከዚያ ሁሉ ፈረንጅ ጎረቤት መካከል የእኛን ማንኳኳት ትርጉም የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር።

«እናቴ ናት?» አለ።

ጋሼ የመርዶውን ወግ በእንግሊዝኛ ጀመሩ። «ልጄ፣ ወንድ ልጅ ልቡን ማጠንከር አለበት…»

ከዚያ በላይ አልሰማም። ጀርባው ግድግዳውን እየታከከ ወረደ፤ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ፤ ከአፉ የወጣው ድምፅ የልቅሶም አልነበረም፣ የቃልም አልነበረም። ጋሼ ሊይዙት ጎንበስ አሉ። እንዲህ ሲሆን ሰው መያዝ ነው የምናውቀው።

«አልሞተችም!» ብዬ ጮህኩ። «ኳስ ነው! ቡድኑ ነው! አልመረጡህም!»

ቀና ብሎ አየኝ። «ሆኪ?»

«ሆኪ።»

«እናቴ በሕይወት አለች?»

«እኛ የሰማነው የለም! ጋዜጣ ላይ ስምህ የለም፣ ይኸው ነው!»

ሳቀ። እንዴት ያለ ሳቅ! እየሳቀ እንባው አገጩ ላይ ይወርዳል፤ የጋሼን እጅ ይዞ ይስማል፤ ጋሼም ግራ ገብቷቸው «አይዞህ፣ አይዞህ» ይላሉ። ጠበቃው ወደ ግድግዳው ዞሮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ስሎቫኩ ድንገት ተነሳና ስልኩን አንስቶ ደወለ። እኛ በሩ ላይ እንደቆምን ነን። ከብዙ ጥሪ በኋላ ከዚያኛው ጫፍ የደከመች የአሮጊት ድምፅ ተሰማች፤ እኔ እንኳ ከቆምኩበት ሰማኋት። እሱ ምንም አላላትም ማለት ይቻላል። አንድ ቃል ብቻ ደጋገመ፤ ቋንቋውን ባላውቅም ቃሏ ገባችኝ።

ስልኩን ዘጋና ከአልጋው ሥር ሻንጣ ጎተተ።

«ሶ፣ ክለቡስ?» አለ ጠበቃው። «ፋየር ያደርጉሃል፣ ያባርሩሃል እኮ። ቪዛህስ?»

ሸሚዞቹን ሳያጥፍ እየወረወረ፣ «አሁን እዚህ ወለል ላይ ቀብሬያት ነበር» አለ። «ለሁለተኛ ጊዜ ከሩቅ ሆኜ አልቀብራትም። አገሬ አልጠራችኝም፤ ጥሩ። እኔ እሄዳለሁ።»

ማንም አልተከራከረውም፣ ጠበቃው እንኳ። ዳቦውን ሻንጣው ላይ ጫንንለት። ጋሼ ቅዳሴ ቀረባቸው። ሻንጣውን የእኔ መኪና ውስጥ ከትተን፣ ሌሎቹ ከኋላችን ተከታትለው፣ የሠርግ አጀብ መስለን ኤርፖርት ገባን። መንገድ ላይ መስኮቱን ከፍቶ ፊቱን ነፋስ ያስመታል፣ አሁንም አሁንም ለብቻው ይስቃል። ተርሚናሉ በር ላይ አጥንቴ እስኪንቋቋ አቀፈኝ፤ ከዚያ በዚያ በታመመ ጉልበቱ እያነከሰ ገባ።

እኔ መኪናው ውስጥ ቀረሁ። ፖሊሱ በእጁ «ሂድ፣ ሂድ» ይለኛል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ መንቀሳቀስ አቃተኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደስም ብሎኛል። ግን ቀናሁበት። በሕይወቴ እንደዚያ በሰው ቀንቼ አላውቅም። እኔም በአባቴ ጊዜ ወለሉ ላይ ተቀምጬ የእነዚያኑ ሰዎች ፊት አንድ በአንድ አይቻለሁ፤ ተሳስተናል የሚለኝ ሰው ፈልጌ። ማንም አላለኝም።