ጩኸት የጠፋበት አልበም

ምስጋናው ሜታል ነው የሚወደው፤ ጊታሩ እንደ ወፍጮ የሚያጓራ፣ ዘፋኙ ላንቃው እስኪሰነጠቅ የሚጮህበት ሙዚቃ። አመሉ የያዘው ፒያሳ አንድ ሙዚቃ ቤት ተቀጥሮ ሳለ ነው። ሪያድም ይዞት መጣ። ያደቆነ ሰይጣን ሳያቀስ አይለቅም ይባል የለ?

ቀን ቀን ሱለይ በሚባለው ሰፈር ጋራዥ ይሠራል። አለቃው በረባ ባልረባው ይጮህበታል። የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኢቃማው፣ በአሠሪው እጅ ነውና ምስጋናው “ሓዲር”፣ እሺ ጌታዬ፣ ብሎ አንገቱን ይደፋል። ከሥራ ሲመለስ ዑድ ሰፈር ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በሚጋራት ክፍል የጆሮ ማዳመጫውን ይሰካና ሌላ ሰው ይጮህለታል።

ክፍሏ አንድ ስፒከር አላት። ዓርብ ዓርብ በተራ ትከፈታለች፤ ለምስጋናው ግን ተራ የሚባል ነገር የለም። አብሮት የሚኖረው ኑረዲን “ሰይጣን ትጠራብናለህ” ይለዋል። ሌላው፣ ኃይሌ፣ በምንም ነገር ከኑረዲን ጋር ባይስማማ በዚህ ይስማማል። በ2007 ዓ.ም. ግን ምስጋናው የሚሞትለት የስዊድን ባንድ ከፋሲካ በኋላ አዲስ አልበም ሊያወጣ ነው ተባለ። ተዋዋሉ፦ እሱ ሁዳዴን ሙሉ የሁለቱንም የወጥ ተራ ሊሸፍን፣ እነሱም አልበሙ በወጣ ዓርብ ስፒከሯን ሊለቁለት። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ ያ ጩኸት ግድግዳውን ሲያናውጠው መስማት ነበር ምኞቱ። ሽንኩርት ሲልጥ ከረመ።

ዓርቡ ደረሰ። ኃይሌ ጆሮው ላይ ጥጥ ወትፎ ተቀመጠ። ምስጋናው ድምፁን እስከ ጥግ ለቀቀው።

ፒያኖ መጣ። ያ ሲያገሳ የኖረ ዘፋኝ ልጅ እንደሚያስተኛ ሰው ያንጎራጉር ጀመር። ሁለተኛውን ዘፈን ከፈተ፤ ያው ነው። ሦስተኛው ጭራሽ ቫዮሊን ተጨምሮበታል። ምናለ አንዷን እንኳ ቢጮሁለት። ንዴቱ አናቱ ላይ ወጣ።

ኃይሌ ጥጡን አወጣ። “ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ዘፈን ነው። እስከ ዛሬ ለምን ደበቅከን?”

“ወላሂ ያምራል” አለ ኑረዲን። “እስቲ የመጀመሪያዋን መልሳት።”

መለሳት፤ ምን ያድርግ።

“ምንድን ነው የሚለው?” አለ ኃይሌ። ከሦስቱ እንግሊዝኛ የሚሰማው ምስጋናው ብቻ ነው።

“መጮህ ሰለቸኝ ነው የሚለው” አለ ጥርሱን ነክሶ። “ከእንግዲህ ዝም ማለት ነው የምፈልገው ይላል።”

“እውነቱን ነዋ” አለ ኑረዲን። “ኸላስ፣ ሰው ስንት ዘመን ይጮሃል?”

“እሱማ ጮሆ ጮሆ ወጣለት” አለ ምስጋናው። “እኔ ግን ገና አንዴም አልጮህኩም።”