የፋጡማን ገጽ ያስዘጋሁት እኔ ነኝ

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። የንስሐ አባቴ ሲጠይቁኝ ሌላ ሌላውን እየተናገርኩ ይህን እዘለዋለሁ።

መቱ ላይ የያዮን የጫካ ማር እሸጥ ነበር። ፋጡማም ትሸጥ ነበር። ወላጆቿ ከወሎ በሠፈራ የመጡ ናቸው፤ እሷ ዳሪሙ ወረዳ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛና ኦሮምኛ እያቀላቀለች የምታስቅ ሴት ናት። ስልኳ ላይ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከፍታ የማሯን ፎቶ መለጠፍ ስትጀምር ከአዲስ አበባ ሳይቀር ገዢ አገኘች። የእኔ ማር መደርደሪያ ላይ ቀረ። ቀናሁ። ሌላ ስም አልሰጠውም።

የሰፈሩ ሴቶች ዕድር ጸሐፊ ነኝ። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ስለጨረስኩ ከወር ስብሰባ በኋላ ሴቶቹ መልእክት እንዳነብላቸው ስልካቸውን ይሰጡኛል። ብዙ ሰው «ሐሰተኛ ነው» ብሎ ካመለከተበት ገጽ እንደሚዘጋ ሰምቼ ነበር። ፋጡማ ለቅሶ ሄዳ በቀረችበት እሑድ የዐሥራ ሰባት ሴቶችን ስልክ ተቀበልኩ። አንዷ «እትዬ፣ ባሌ የደበቀው ነገር ካለ ለእኔ ብቻ ይንገሩኝ» አለችና ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። እየሳቅሁ በዐሥራ ሰባቱም ስልክ የፋጡማን ገጽ ከፍቼ «ሐሰተኛ ነው» የሚለውን ተጫንኩ። በዚያ ቤት ከእኔ የበለጠ የታመነ ሰው ነበር?

በሳምንቱ ገጹ ተዘጋ። ፋጡማ የመጣችው ወደ እኔው ነው፤ ለሰፈሩ ማመልከቻ የምጽፈው እኔ ነኝና።

«ወላሂ እትዬ፣ ምን እንዳጠፋሁ እንኳ አልነገሩኝም» አለች።

ወረቀት አወጣሁ። «ለ» ብዬ ጀመርኩና ቆምኩ። ለማን?

«ለባለቤቱ ይበሉ» አለችኝ።

ባለቤቱ የት ነው? አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አብረን ሄድን፤ ገጹን የዘጋው ኩባንያ እዚህ አገር ቢሮ ስለሌለው ልናዝዘው አንችልም አሉን። በስልክ የላክነው አቤቱታም መልስ አላገኘም። ስንመለስ ስለ ድካሜ ብላ ሻይ ጋበዘችኝ። ጠጣሁት።

ማሩን ተወች። ዳሪሙ ወንድሟ ዘንድ ተመልሳ በቆሎ ትኮተኩታለች።

አሁን በሬዲዮ፣ መንግሥት ግዙፎቹን የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ይቆጣጠር ወይስ ይበታትን እያሉ ሲከራከሩ አዳምጣለሁ። እኔ ቁጥጥሩን እደግፋለሁ። ሰውን ከገበያው የሚያስወጣ ምክንያቱን ይንገር፤ አቤቱታ የሚሰማ ሰው ያስቀምጥ። መበታተኑንም አልጠላውም፤ ያ ገጽ ሲዘጋባት ፋጡማ የምትሄድበት ሌላ ገበያ አልነበራትም። የመዝጋቱ ሥልጣን እንዳለ ለባለሥልጣን እንዲዛወር ግን አልመኝም። የብዙ ሰው ስልክ አንድ እጅ ሲገባ ምን እንደሚደረግበት አውቃለሁ።

በዚህ ክርክር ውስጥ ግን ተደብቄ ኖርኩ። ፋጡማ ስትደውል «እነዚያ ሰዎች» እያለች ታማርርልኛለች። ኩባንያው ሳያጣራ ዘጋ እላለሁ ለራሴ። እኔስ ምን የማጣራው ነገር ነበረኝ? ማሯን ቀምሼዋለሁ። ንጹሕ ነበር።

ፋጡማ፣ ያ ኩባንያ ነገ በሕግ ቢጠየቅ እንኳ የእኔ ጥፋት አይቀንስም። ይህን ኑዛዜ የጻፍኩበትን ወረቀት ይዤ ዳሪሙ እመጣለሁ፤ ራሴ አነብልሻለሁ። ይቅርታሽን እለምናለሁ። ብትነፍጊኝም አልከራከርሽም።