ከካራማራ ማዶ ያለው ሆስፒታል

ድሬዳዋ ደርሳ ልትመለስ የሄደችው ሴት ሳትደርስ ተመለሰች። የስፌት መኪናዬን በራፌ ላይ አውጥቼ እየሠራሁ ሳለ በባዶ እግሯ፣ የታችኛው ከንፈሯ ተሰንጥቆ፣ ሻሿን በአንድ እጇ ጨምድዳ መጣች። ሰላም አላለችኝም። አልፋኝ ወደ ግቢው ገባችና የክፍሏን የቆርቆሮ በር ከውስጥ ቀረቀረችው።

ያን ጊዜ ጅጅጋ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። አባቴ በወታደርነት መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው። እኔም እዚያው ተወልጄ፣ ሶማሊኛን ከጎረቤት ልጆች ጋር እየተጣላሁም እየታረቅሁም ነው የተማርኩት። ድሪያ እሰፋለሁ፣ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፣ የተቀደደ እጠግናለሁ። እሷ ደግሞ ጦርነቱ ባሏንና ቤቷን ከወሰደባት በኋላ ከደቡብ ሶማሊያ ተነስታ በድንበር ከተማዋ በውጫሌ በኩል የገባች ሴት ናት። ሃያ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። መጠለያ ጣቢያ ሄዳ አልተመዘገበችም። የባሏ ገዳዮች ዘመዶች እዚያ እንዳሉ ትናገር ነበር፤ እውነት ይሁን ፍርሃት ብቻ አላውቅም። ስለዚህ የስደተኛ ካርድ የላትም፣ የቀበሌ መታወቂያም የላትም። ጠርዝ ትቀመቅምልኛለች፣ ቁልፍ ትተክልልኛለች፤ እኔ ከጓሮ ያለችውን ክፍል ሰጥቻት ከአንድ ትሪ እንበላለን። "አባዮ" ትለኝ ነበር፤ በእነሱ አገር "እህቴ" ማለት ነው። የጅጅጋ ሰው "ዋላል" ነው የሚለው። አንድ ቃል ከአፏ ከወጣ ከየት እንደመጣች ገበያው ሁሉ ያውቅባት ነበር።

ወደ ድሬዳዋ የተነሳችው ወንድሟን ለመሰናበት ነው። በደወሌ በኩል ጅቡቲ ሊሻገር ነበርና እንደገና እንደማታየው ገምታ ነበር። አላየችውም። ከጅጅጋ መውጫ፣ ካራማራ ተራራ ላይ ካለው ኬላ አላለፈችም።

በሩን የከፈተችልኝ ሙቅ ውሃና ጨው ፈልጋ ነው። ያጠብኳት እኔ ነኝ። ጀርባዋ ላይ የቀበቶ ዘለበት ያረፈበት ሁሉ ተልጧል፤ ጭኗ ጠቁሯል፤ በልጅነቷ ሲገርዟት የቀረው ጠባሳ እንደ ክፉ ስፌት ተተርትሯል። አላለቀሰችም። ወደ ውሃው አጎንብሳ ነው የነገረችኝ። መታወቂያ የሌላቸውን ከሚኒባሱ አወረዷቸው፤ ሌሎቹን አንድ በአንድ ሲለቋቸው አንዱ ጠባቂ እሷን ከኬላው አጠገብ ወዳለ የድንጋይ ቤት አስገባት። ስትጮህ በጠመንጃው ሰደፍ አፏን መታት። ሲለቃት ጫማዋን እንኳ አልመለሰላትም።

"ለማን ትከስሺኛለሽ?" አላት። "አንቺ እኮ የለሽም።"

ፖሊስ ጣቢያ እንሂድ ብዬ ተነስቼ ነበር። እጄን ያዘችኝ። መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱ ማን እንደሆነ ሳይሆን እሷ ማን እንደሆነች ነው፤ ከዚያ በጭነት መኪና ወስደው ድንበሩ ላይ ይጥሏታል። ይህን ስታስረዳኝ ድምጿ የተረጋጋ ነበር፣ የታወቀ ነገር እንደሚያስረዳ ሰው። ተቀመጥኩ።

ወር አልፎ ሌላው ሲጋመስ የጨርቅ ቀለም ሽታ ያስመልሳት ጀመር። አንድ ቀን የያዘችውን ጠርዝ ሳትለቅ፣ ቀና ሳትል ነገረችኝ።

"ይህን አልወልደውም" አለች። "ከወለድኩት ወይ እሱን እገድላለሁ ወይ ራሴን።"

እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ እሷ ሙስሊም ናት፤ ሁለታችንም ይህ ነገር ኃጢአት መሆኑን እየሰማን ነው ያደግነው። ያንን አነሳሁባት። ኃጢአቱን እኔ እሸከመዋለሁ፣ አንቺ መንገዱን ብቻ አሳዪኝ አለችኝ። ከዚያ በኋላ ክርክር አላበዛሁም። ጀርባዋን አጥቤዋለሁ እኮ።

አንድ ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ። ካርድ ክፍል የተቀመጠው ሰው መታወቂያ ጠየቀ። የግቢዬ ተከራይ ናት አልኩት። እንግዲያው የቀበሌ ደብዳቤ አምጡ አለ። በመስኮቱ ጠጋ ብዬ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ የደረሰባትን ነገርኩት። እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አላደረገም። ተደፍራ ከሆነ ከፖሊስ ወረቀት ይዛ ትምጣ አለ። አግዳሚው ላይ የተቀመጡት በሙሉ ዞረው አዩን። እሷ ሻሿን ፊቷ ላይ ስባ ወጣች፤ እኔም ተከተልኳት።

ጅጅጋ ትንሽ ናት። ወሬው ካራማራ ለመድረስ ብዙ አልፈጀበትም።

ያ የኬላ ጠባቂ የመጣው በቀን፣ ሰው ሁሉ ጫት ይዞ ጥላ ውስጥ በተከተተበት፣ መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት ነው። የደንብ ልብስ ሱሪ ለብሷል፣ በነጠላ ጫማ ነው፣ ጠመንጃው ትከሻው ላይ ነው። በየጤና ጣቢያው ስሜን የምትጠሪው አንቺ ነሽ ወይ አላት። ስሙን እኮ አናውቀውም ነበር፤ እስከ ዛሬም አላውቀውም። እሷ ከዱካዋ ተነስታ ወደ ግቢው ልትሮጥ ስትል በፀጉሯ ያዛት፣ መሬት ላይ ጣላት፣ ሆዷን ይረግጣት ጀመር። የምትጮኸው ባሏን እየጠራች ነበር፤ የሞተ ባሏን።

እጄ ላይ የነበረው የከሰል ካውያ ነው። ፍሙ ገና ትኩስ ነበር። ምንም አላሰብኩም። ክንዱ ላይ አስቀመጥኩትና ተጫንኩት። የሥጋው ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ጮኾ ለቀቃትና ወደ እኔ ዞረ። በሰደፉ ሲሰነዝርብኝ ግራ እጄን የስፌት መኪናዬ ላይ አስደግፌ ነበር፤ ጣቶቼ ሲሰበሩ የሰማሁት ከሕመሙ በፊት ነው። ከዚያ መኪናዬን በእግሩ ገፍቶ ገለበጠው፤ መዘውሩ ተሰበረ። ጎረቤቶች ከየቤታቸው ወጡ። ከፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው ሶማሌ ሽማግሌ መጥተው በእኔና በእሱ መካከል ቆሙ፤ የጎሳውን ስም እየጠሩ፣ የአባቱን ስም እየጠየቁ፣ በዝግታ ያናግሩት ጀመር። ሄደ። ሲሄድ ግን ተመልሶ መጥቶ በውጫሌ እንደሚወረውራት ምሏል።

ወጌሻ ዘንድ ሄጄ ጣቶቼን ሳሳስር እሷ ብቻዋን ወጣች። ከከብት ገበያው ጀርባ ፅንስ የምታስወርድ ሴት እንዳለች ሰምታ ነበር። ስመለስ ባጃጅ ከበራፌ ቆሞ አገኘሁ፤ ነጂው ወንበሩን በጨርቅ ይጠርጋል። እሷ ፍራሿ ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች። ሴትዮዋ ምን እንዳደረገቻት አልነገረችኝም።

"አትቆጪኝ፣ አባዮ" ብቻ አለች።

አልተቆጣኋትም። ደሙ ይቆማል ብለን ጠበቅን። ሳይቆም ትኩሳቱ መጣ። ከዚያ ሽታው መጣ፤ ክፍሏን ከፍቶ መግባት እስኪያቅት ድረስ። ሆዷ እንደ እንጨት ደረቀ። አንዲት የማውቃት ነርስ ለምኜ ቤት ድረስ አመጣሁ። አንሶላውን ገልጣ አየችና መልሳ ሸፈነችው። ይህ የእሷ አቅም እንዳልሆነ፣ የጅጅጋው ሆስፒታል ሰሞኑን ቀዶ ሐኪም እንደሌለው፣ እንዲህ ያለ ቀዶ ጥገና የሚሠራው ሐረር እንደሆነ፣ ዛሬውኑ ካልደረሰች እንደማትተርፍ ነገረችኝ። ሐረር ማለት ደግሞ ካራማራ ማለት ነው። ሌላ መንገድ የለም።

የእኔን ቀሚስ አለበስኳት፣ ነጠላዬን አከናነብኳት። ከአፍሽ ቃል እንዳይወጣ፣ እኔ እመልሳለሁ አልኳት፤ ይስማት አይስማት እርግጠኛ አልነበርኩም። ሚኒባሱ ጫታቸውን ጅጅጋ አራግፈው ወደ ሐረር በሚመለሱ ነጋዴ ሴቶች ተሞልቶ ነበር። ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ አስደገፍኩት። ከተማውን እንደወጣን ከእግሯ ሥር የመኪናው ወለል ላይ ደም ይሄድ ጀመር። አጠገባችን የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ነጋዴ አዩት። በጆሯቸው እውነቱን ነገርኳቸው። ሻርፓቸውን ከትከሻቸው አወረዱና አጣጥፈው ከሥሯ ጎዘጎዙላት።

ኬላው ላይ የቆመው ያ ሰው አልነበረም። ጢሙ ገና በቅሎ ያልጨረሰ ሌላ ጠባቂ ነው። እህቴ ናት፣ ታማለች፣ በጥድፊያ መታወቂያዋን ረስተን ነው አልኩት። በአማርኛ ጠየቃት፤ ዝም አለች። ሊተዋት ነበር ብዬ አምናለሁ። ግን በትኩሳቷ ውስጥ ሆና እናቷን ጠራች፤ "ሆዮ፣ ሆዮ" አለችና በደቡቡ አነጋገር ውሃ ለመነቻት። ሰማት። ፊቱ ተለወጠ። ክንዷን ይዞ ጎተታት፤ እኔ በደህናው እጄ ይዣት ስንታገል ከመኪናው በር አስፋልቱ ላይ በግንባሯ ወደቀች።

አሮጊቷ ወረዱ። ጉልበታቸውን እየያዙ፣ ቀስ ብለው። ሄደው በእሷና በጠባቂው መካከል ቆሙና ወደ እሱ ዞሩ። ዞር በይ አላቸው፤ አልዞሩም። በያዘው ዱላ ከትከሻቸውና ከአንገታቸው መጋጠሚያ ላይ መታቸው፤ ተንበረከኩ። ያኔ ሌሎቹ ሴቶች ወረዱ። አንዷ ዱላውን ነጠቀችው፣ አንዷ ደረቱን ገፋችው፣ አንዷ ድንጋይ አንስታለች። ፊቱ ደማ። ወደኋላ ሸሽቶ ጠመንጃውን አቀባበለ። ሁሉም ባሉበት ቆሙ።

አሮጊቷ ትከሻቸውን በእጃቸው እንደያዙ ቀና አሉ።

"ተኩስ" አሉት። "እናትህ አንተን ስትወልድ የፈሰሳት ይኸው ደም ነው። ተኩስና እንየው።"

ከጥላው ሥር አንድ በዕድሜ የገፋ አለቃ ወጣ። አስፋልቱ ላይ ያለውን ደም አየ፣ ሴቶቹን አየ። እዚህ እንዳትሞትብኝ፣ ውሰዷት አለ። አዝኖ አልመሰለኝም። ሬሳ በደጁ እንዲቀር አልፈለገም፤ ለእኛ ግን በቂ ነበር። አንስተን አስገባናት።

ሐረር ሆስፒታሉ በር ላይ ማንም ወረቀት አልጠየቀንም። በተሽከርካሪ አልጋ ወሰዷት። ከቀዶ ጥገናው የወጣችው ሐኪም ወጣት ሴት ነበረች፤ ጓንቷን እያወለቀች አናገረችኝ። ማህፀኗ በስብሶ ነበር፣ ነፍሷን ለማትረፍ አውጥተነዋል አለች። ከዚያ ምን እንደደረሰባት ጠየቀችኝና ነገርኳት።

"ቀድማ ብትመጣ ኖሮ በደህና እናቋርጥላት ነበር" አለች። "ሕጉ ይፈቅዳል። ተደፍሬያለሁ ማለቷ ይበቃል፤ የፖሊስ ወረቀት አያስፈልግም።"

ያን ስሰማ የካርድ ክፍሉ ሰውዬ ፊት ነው የመጣብኝ። ክንዱን ካቃጠልኩት ሰውዬ ይልቅ ይህኛውን ጠላሁት። በእጁ ብዕር ብቻ ይዞ ነበር።

ስትነቃ ሐኪሟ ንግግሯን እንድተረጉምላት ጠየቀችኝ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ከእንግዲህ መውለድ እንደማትችል በሶማሊኛ ነገርኳት። ድገሚልኝ አለች። ደገምኩላት። ሦስተኛ ጠይቃኝ ያንኑ ስነግራት እጇን አንስታ በጥፊ መታችኝ። ግሉኮሱ የተተከለበት እጅ ነበርና መርፌው ተነቅሎ ደሙ አንሶላው ላይ ተረጨ። ሐኪሟ ልትከለክላት ስትል ተያት አልኳት። ሌላ ልትመታኝ አስባ እጇ ደከመባት፣ ትከሻዬ ላይ ቀረ። ካወቅኋት ጀምሮ ያኔ ነው ስታለቅስ ያየኋት።

አሮጊቷ የትከሻ አጥንታቸው ተሰንጥቆ እዚያው ሆስፒታል ታሰረላቸው። ድሬዳዋ አጠገብ፣ ሽንሌ ያገባች ልጅ ነበረቻቸው፤ የእኔዋ ተሽሏት ስትወጣ ወደ ልጃቸው ዘንድ ወሰዷት። እኔ ጅጅጋ ተመለስኩ። ያ ሰው ተዛውሯል አሉኝ። ማንም አልጠየቀውም፣ ማንም አልከሰሰውም። ሌላ የስፌት መኪና እስካገኝ በእጄ ሰፋሁ። ግራ እጄ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አይጨበጥም።

ከዓመታት በኋላ ሽንሌ ሄጄ አየኋት። ፍየል ታረባለች፣ ወተት ትሸጣለች፣ ከአሮጊቷ ልጅ ጋር እንደ እህትማማች ናቸው። ወፍራለች፤ ስቃ ተቀበለችኝ። ልብስ ስትቀይር ግን እምብርቷ ዙሪያ ክብ ክብ የቃጠሎ ጠባሳ አየሁባት፤ አንዳንዱ ገና እርጥብ ነው። የሆድ ሕመም እንደሚነሳባት፣ በጋለ ብረት እንዳስተኮሰችው ነገረችኝ። ድሬዳዋ ሆስፒታል በቅርብ እያለ ለምን አልኳት።

"መጀመሪያ የሚጠይቁኝን ታውቂዋለሽ፣ አባዮ" አለች።

ያን ቀን ብዙ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ እሺ ያለችኝ አብሬያት ከገባሁ ብቻ ነው። በማግስቱ ድሬዳዋ ሄድን። በካርድ ክፍሉ መስኮት ውስጥ የተቀመጠችው ሴት መታወቂያ ስትጠይቅ የእኔን አሳየኋትና እህቴ ናት፣ የእሷ ጠፍቷል አልኳት። ሴትየዋ ለአፍታ አየችን፤ ከዚያ ብዕሯን አነሳችና የታካሚዋን ስም ጠየቀችኝ። የሟች እናቴን ስም ሰጠኋት። ተራዋ ደርሶ በዚያ ስም ሲጠሯት ተነስታ ገባች፤ እኔም ተከተልኳት።