ዝናብ ሲጥል የምትጣራው ፒክአፕ

ያሳደጉኝ አጎቴ፣ ጋሼ የምላቸው፣ ከአሮጌ ፒክአፓቸው ጋር ጠብ አጥተው አያውቁም። ባትሪ ሲቀየርላት መብራቷ ይጠፋል፤ መብራቷ ሲሠራ ሞተሯ አልነሳም ይላል። ከሁሉ የባሰው ግን ክላክሷ ነበር። ገመዷ ውስጥ ውሃ ስለሚገባ ዝናብ በጣለ ቁጥር ማንም ሳይነካት ትጮሃለች። እኛ ከተማ፣ መቱ ላይ ደግሞ ዝናብ መች ይጠፋል! የከተማው ኤሌክትሪሻን ሁሉ ፈታትቶ ገጥሟታል፤ አንዱም አላዳናት።

ባለቤታቸው እትዬ "ጠራችዎ" ይሏቸዋል። ጋሼም በኦሮምኛም በአማርኛም "ዱፌ፣ ዱፌ! መጣሁ!" እያሉ ጃንጥላ ይዘው ይወጡና የባትሪውን ገመድ ይነቅላሉ።

"ኧረ ይሽጧትና እንረፍ!" እያልኩ ስነጫነጭ፣ "ተጠርቶ ዝም አይባልም፣ ልጄ" ይሉኝ ነበር።

ከጋሼ ቀብር ማግስት፣ ለቀስተኛው ቤቱን ሞልቶ ሳለ ዝናብ ጣለ። ክላክሱ ከግቢው ጮኸ። እትዬ ቀና ብለው ወደ ጋሼ ባዶ ወንበር እያዩ፣ "ጠራችዎ እኮ" አሉ።

ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። እኔ የተሰቀለውን ጃንጥላ አየሁት። ማንም አልተነሳም። ባትሪዋ ደክሞ ድምጿ እየሰለለ እስኪጠፋ ድረስ ጮኸች፤ እኛ ሁላችን ተጠርተን ዝም አልን።