የጎረቤታችን ጢም

እስራኤል፣ አሽዶድ ውስጥ በረዶ የሚገኘው በሁለት ቦታ ነው፤ በፍሪጅ ውስጥና በዓሣ ሻጩ ጠረጴዛ ላይ። በዚህ ከተማ እየኖረ ክረምቱን ሙሉ በበረዶ ላይ ጨዋታ የሚቃጠል ሰው እንዳለ ለማመን ከእኛ በር ፊት ለፊት መኖር ያስፈልግ ነበር።

ነገሩን በቅደም ተከተል ላስረዳ። ያኔ ማስተማር የጀመርኩበት ዓመት ስለነበር ሳላስረዳ የማልፈው ነገር አልነበረም። ሮቫ ዩድ-አሌፍ የሚባል ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሁለት በር፤ በአንዱ እኛ፣ በሌላው ከሩሲያ የመጡ ባልና ሚስት። ሰውየው በወደቡ ክሬን ሲያንቀሳቅስ ኖሮ ጡረታ የወጣ ነው። በረንዳው ላይ ከበሮ የሚያህል የሳተላይት ሳህን ተክሎ የአገሩን የበረዶ ሆኪ ሊግ ይከታተላል። ሆኪ ማለት በብረት ስለት ጫማ የሚንሸራተቱ ጎልማሶች አንዲት ጥቁር የጎማ ቁራጭ በዱላ የሚያሳድዱበት፣ እሷ ስትጠፋባቸው ደግሞ እርስ በርስ የሚደባደቡበት ሙያ ነው። ደመወዝም ይከፈላቸዋል። ውድድሩ በመስከረም ጀምሮ እስከ ፋሲካ ሰሞን ይዘልቃል። እኛም በግድግዳው በኩል አንድም ጨዋታ አላመለጠንም።

አባቴን የሚያንገበግበው ግን ጩኸቱ ሳይሆን ጉርብትናው ነበር። ቀኑን በሰሜኑ የኢንዱስትሪ ቀጠና፣ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲደረድር ውሎ ይመጣና፣ "ጎንደር እያለን ከወንዝ ማዶ ሰው ቢያስነጥስ እንጠይቅ ነበር" ይላል። "እዚህ በር ለበር ስንተያይ ኖረን የሰውየውን ቤት ረግጬው አላውቅም።" እውነቱን ነው። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት የተለዋወጡት "ሻሎም" ብቻ ነበር፤ እሱም አሳንሰር ውስጥ፣ ሁለቱም የፎቁን ቁጥር እያዩ።

አንድ የመጋቢት ምሽት አባቴ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ቆመ።

"ሰውየው ሐዘን ላይ ነው።"

"ምን አይተው ነው፣ አባ?"

"ጢሙን ነዋ! እንደ እንቁላል የሚላጭ ሰው ጢሙን ለቆታል። ሚስቱን ካየናት ሰንብተናል። ማታ ማታ ሲጮህ ደግሞ አንቺም ትሰሚያለሽ።"

በእኛ ዘንድ ሐዘንተኛ ጢሙን አይላጭም፤ ስለዚህ ማስረጃው ለአባቴ የተሟላ ነበር። እኔ ግን በዚህ አገር ሰው ሲሞት በሕንፃው መግቢያ ላይ ማስታወቂያ እንደሚለጠፍ አስረዳሁ።

"ማን ይለጥፍለት? ብቻውን የቀረ ሰው!"

"እንግዲያው እንጠይቀው።"

"ሐዘንተኛ 'ሞቶብሃል ወይ?' ተብሎ ይጠየቃል? ትምህርት ቤት የምታስተምሪው ይሄን ነው? ነገ ካልደረስንለት ከእንግዲህ ጎረቤት አይደለንም።"

በማግሥቱ ምሽት አባቴ ከምኩራብ ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ መጣ። እኔ ለቅሶ ቤት የሚወሰደውን ንፍሮ በድስት ተሸከምኩ። ሰውየው በሩን ከፈተ፤ እውነትም ጢሙ ጉንጩንና አገጩን ሸፍኖታል። ሽማግሌዎቹ "ወይኔ፣ ወይኔ" እያሉ ገብተው እንደ ደንቡ አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። ከኋላው ቴሌቪዥኑ ያጓራል። ሰውየው ግራ ተጋብቶ አየን፣ ቴሌቪዥኑን አየ፣ ከዚያ ፊቱ በራ። ጨዋታ ልናይ የመጣን መስሎት ሶፋው ላይ ጠጋ ብሎ ለአባቴ ቦታ ለቀቀለት።

የመጀመሪያው ሽማግሌ አንገታቸውን እንደደፉ ብዙ አልቆዩም።

"የኔ ልጅ፣ እነዚህ ሰዎች በምን ተጣልተው ነው?"

"ጨዋታ ነው፣ አባባ። የተማታው በመስታወት የታጠረች ጥግ ውስጥ ገብቶ ሁለት ደቂቃ ይቀመጣል።"

"ከዚያስ?"

"ተመልሶ ይማታል።"

"ሽማግሌ የላቸውም?" አሉ ሁለተኛው፣ ከልባቸው አዝነው።

በዚያ ዓመት እንደ እነሱ በጥሞና ያዳመጠኝ ተማሪ አልነበረኝም።

ወዲያው ጥቁሯ ጎማ መረቡ ውስጥ ገባች። ሰውየው ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ አለቀሰ። አባቴ ምሽቱን ሁሉ የጠበቀው ይህን ነበር፤ ተነሥቶ እጁን ትከሻው ላይ አደረገ፤ "እግዜር ያጥናህ፣ ወንድሜ" አለው። ድስቱንም ከፈተለት። ሰውየው እያነባ በላ፤ አፉ ሞልቶ ሳለ ስልኩ ጮኸ። የሴት ድምፅ እስከ እኛ ድረስ ተሰማ፤ ስትቆጣው ነበር።

"ማናት?" አለ አባቴ በሹክሹክታ።

"ሚስቱ።"

በዕብራይስጥ ጠየቅሁት። ሚስቱ ውድድሩ እስኪያልቅ እህቷ ዘንድ ትሸሻለች። ጢሙም ቡድኑ ለዋንጫ እስከተፋለመ ድረስ አይላጭም፤ ተጫዋቾቹም እንዲሁ ናቸው። ዛሬ ቡድኑ ተሸንፎ ወጣ፤ ነገ ይላጫል። ቃል በቃል ተረጎምኩ።

"ታዲያ እኛ የማንን ለቅሶ ነው የደረስነው?" አሉ ሽማግሌው።

አባቴ ጫማውን ጫማውን አየ። ሰውየው ማንኪያውን አንሥቶ ምግቡ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ላስረዳ አፌን ስከፍት አባቴ "አንቺ ልጅ፣ ተይ" አለኝ። ግን መምህር ነኝ። "ሰው የሚወደውን ሲያጣ ጎረቤት ይዞለት የሚመጣው ነው" አልኩት። ሰውየው አባቴን ረጅም ጊዜ አየው፤ ከዚያ ድስቱን ወደ ራሱ ሳበ።

በማግሥቱ በራችን ተንኳኳ። ጎረቤታችን ነበር፤ አገጩ እንደ እንቁላል ያበራል። ድስታችንን አጥቦ፣ በጨው የተዘፈዘፈ ኪያር ሞልቶበት ይዟል። አባቴ ኪያሩን ሳያይ እጁን ይዞ አስገባውና ከራሱ ወንበር ላይ አስቀመጠው። ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ሁለቱም ደስ ብሏቸው።

"ጠይቂው እስቲ" አለኝ አባቴ፣ "መስከረም ላይ ሲጀምር በየትኛው ቀን ነው የምንመጣው?"